ማግኔቷ የወደቀችበት በር

ጥቅምት 24

እታለም፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። አንቺ ደህና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ እኛም እንዳልሆንን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሰላምታውን እንደተባባልን እንቁጠረውና እንለፈው። ለሁለት ደብዳቤዎችሽ መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈተና ነበረብኝ ልልሽ አስቤ ነበር። ፈተና አልነበረብኝም።

በስልክ ለምን እንደማላወራሽ ይገባሻል። እማዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትለቀዋለች፤ አባባ ደግሞ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። እንዲህ ሆኖ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ከማለት ሌላ ምን ይወራል?

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ የጋሽዬን መኪና የምሸጠው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ታላቃችን ካረፈ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀኑ ነው፤ እማዬ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዛ ትወጣና የፊት መስታወቱን ትወለውላለች። ማንም ለማይነዳው መኪና! አባባ እንደምታውቂው ከዚያ ነገር በኋላ መኪናዋ ውስጥ አንድም ቀን አልተቀመጡም። ወደ ስፌት ሱቃቸው ሲሄዱ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ዳር ነው የሚያልፉት። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ «ከደጄ ትነሣልኝ» አሉ። እማዬ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ከዘመድ ጋር በዋጋ ከመነታረክ ለነጋዴ መሸጥ ይሻላል ያልሽውን ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ከአባ ፍሬን ጋር ሄድን። ጎረቤታችን ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጠው «ፍሬን! ፍሬን!» እያሉ ወለሉን ስለሚረግጡ ይህን ስም ያወጣላቸው ጋሽዬ ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ እሳቸው ነዱ። ራሳቸው ሲነዱ ግን ፍሬን የሚባል ነገር አይነኩም።

ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበትን መንገድ አይተሽው አታውቂም። ከዳር እስከ ዳር በሽቦ የታጠረ ግቢ ነው፤ በየግቢው መኪና፣ በየመኪናው ጣሪያ ላይ ድመት። ስትደርሺ መኪናሽን አያዩም፣ አንቺን ነው የሚያዩት። ቸኩለሻል? ማን አብሮሽ አለ? ጫማሽ ምን ይመስላል? ቀጥሎ «ስንት ትያለሽ?» ይሉሻል። የጠራሽው ምንም ይሁን ምን፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። የሚያደንቅ ነጋዴ አይገዛም። አንዱ ሻይ ጋበዘን፣ ወንበር አወጣልን፣ «እንዲህ ያለች ንጹሕ መኪና ዛሬ የት ትገኛለች!» እያለ ሦስት ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ የዋጋዋን ግማሽ ጠራ። አባ ፍሬን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «የጠጣሁትን ልመልስልህ?» አሉት። ሁለተኛው ግቢ ስንደርስ ያኛው ደውሎ ኖሮ፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ያንኑ ዋጋ ነገሩን።

ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ለምን ትሸጣላችሁ?» አባ ፍሬን ቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ሐዘን ላይ መሆናችሁን ካወቁ በሐዘናችሁ ልክ ይቀንሱባችኋል። ዝም በል።» እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝና «ወንድሜ ሌላ ሊገዛ ነው» አልኩ። አባ ፍሬን ሳል ያዛቸው። ስንወጣ ሞተር ሳያስነሱ መሪውን ጨብጠው «አንተ ልጅ፣ ዝም በል አልኩህ እንጂ ከመቃብር አስነሣው አልኩህ?» አሉኝ።

ከመሄዳችን በፊት አጥቤያት ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ቢጫ የፀጉር ማስያዣና ግማሽ ላጲስ አገኘሁ። ጋሽዬ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያመላልሳቸው የነበሩት ልጆች የጣሉት ነው። እነሱ ከቀሩ ከዓመት በላይ ሆኗል፤ እሱ ግን አላወጣውም። እኔም እዚያው መለስኩት። የቀኝ የኋላ በር ዛሬም ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። ልጆቹ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት «ከፍ! ግፋ!» እያሉ በዝማሬ ሲዘጉት ትዝ ይለኛል።

መኪናዋ ውስጥ ወረቀት አግኝቼ እንደሆነ ለጠየቅሽው፣ ከሊብሬውና ከኢንሹራንሱ በቀር ምንም የለም።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 1

ማሙሽዬ፣

አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ማሙሽ አትበይኝ ብለሃል። እሺ፣ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አልልህም።

ለምን ቶሎ እንደተመለስኩ በስልክ ስላልጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። ለቀብሩ መጥቼ በሦስተኛው ቀን የተመለስኩት ክሊኒኩ ፈቃድ ስለከለከለኝ አይደለም። አለቃዬ ዐሥር ቀን ሰጥታኝ ነበር። ለእማዬ እንዳትነግራት። መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ስወጣ አያታለሁ፣ ስገባ አያታለሁ። በሦስተኛው ቀን ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። ነርስ ነኝ እያልኩ የሰው ቁስል አጥባለሁ፤ የቤቴን ደጅ ማየት ግን አቃተኝ።

ስለ ነጋዴዎቹ የጻፍከው አሳቀኝ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበርና አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። አንድ ምክር ልስጥህ። ያንን በር ሳትደብቅ ቀድመህ ንገራቸው፤ ጋሽዬ ስልክ እያየ ሲያዞር ከመብራት ምሰሶ ጋር ያጋጨውን። ክሊኒኩ አሮጌውን አምቡላንስ ሲሸጥ አይቻለሁ። ነጋዴ ራሱ ያገኘው ጉድለት ያስጠረጥረዋል፤ አንዱን ከደበቃችሁ ሌላም ደብቃችኋል ብሎ ያስባል።

ስለ እሱ እንዲህ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን የሆነው ሆኗል። የልጆቹ ወላጆች «ስልክ እያየ ለሚነዳ ሰው ልጆቻችንን አንሰጥም» ብለው አንድ በአንድ ሲያስቀሩበት ራሱም አልተከራከረም። አባባም «አደራ የማያውቅ ሰው የሚነዳት መኪና ውስጥ አልቀመጥም» ያሉትን እስከ መጨረሻው አልመለሱትም። አሁን ያ ቃል እንዴት እንደሚያደርጋቸው አስባለሁ። አጠገባቸው ሁን፤ ምንም ባታወራም ሁን።

ወረቀት የለም ማለትህ ገርሞኛል። ከፊት ወንበሩ ትይዩ ያለውን የክሩስኮቱን ኪስ ደግመህ እይልኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 10

እታለም፣

ዛሬ ከወሬው ሁሉ የሚቀድም ይቅርታ አለኝ፤ ግን ድፍረት እስካገኝ ወደ ደብዳቤው መጨረሻ ገፍቼዋለሁ።

እማዬ ትበላለች ወይ ላልሽው፣ ትበላለች፤ ትንሽ ትንሽ። አባባ ሥራ አልተዉም። ባለፈው የአንድ ሰውዬ ሱሪ አሳጠሩ፤ ማሳጠራቸውን ረሱና ደግመው አሳጠሩት። ሰውዬው ሲለካው ቁርጭምጭሚቱ ሁሉ ውጭ ቀረ። «አባባ፣ ወንዝ ልሻገር ነው እንዴ?» አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረው ይስቁ ነበር።

ሦስተኛውን ነጋዴ ባለ ማግኔቱ ብለነዋል። ቀጭን፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ሻይ አልጋበዘም፣ አላደነቀም፣ ለምን ትሸጣላችሁም አላለም። አባ ፍሬን ወዲያው ወደዱት። መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ውስጡን አሸተተ። ምንጣፉን ገልጦ ጣቱን ከሥር አስገብቶ እርጥበት ፈለገ። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና «ሰው ኪሎ ሜትሩን ያስቀንሳል፣ ይቺን መለወጥ ግን ይረሳል» አለን። ከዚያ ከኪሱ አዝራር የምታክል ማግኔት አወጣ። ቀለም እንዳትጭር በካልሲ ቁራጭ ሰፍቷታል። ኮፈኑ ላይ አስጠጋት፤ ጠቅ። ጣሪያው ላይ፤ ጠቅ። በግራ ሁለቱም በሮች ላይ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። በቀኝ በኩል ዞረ። የፊተኛው በር፤ ጠቅ።

ቀድመህ ንገራቸው ብለሽኝ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

የኋለኛው በር ላይ ሲያስጠጋት ማግኔቷ ወደቀች። አላነሣትም። እኔን አየኝ። ጎንበስ ብዬ አንሥቼ ሰጠሁት። አሁንም አስጠጋት፣ አሁንም ወደቀች፣ አሁንም አነሣሁለት። በሦስተኛው «ላሜራው ገብቶ በስቱኮ ሞልተውታል፤ ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም» አለ። «ማነው የመታው?»

«ወንድሜ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ስልክ እያየ።»

በመስታወቱ ላይ የቀረውን የተማሪ ማመላለሻ ምልክት ልጣጭ በጣቱ ነካና ሳቀ። «ልጆች ይጭንባት ነበር? በል እንግዲህ! ወንድምህን መኪና ሳይሆን የሕፃን ጋሪም አታስይዙት።»

እታለም፣ እኔም ሳቅኩ። ፈገግ ማለት አይደለም፤ ጥርሴን አሳይቼ፣ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ ሳቅኩ። «ድሮም ችኩል ነው» ብዬ ጨመርኩበት። አባ ፍሬን አልሳቁም። አጥሩ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

የጠራው ዋጋ ከሁለቱም ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ ትሸጣለች። «ባለቤቱ መጥቶ ይፈርም» አለኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኩት። «ሲመለስ አምጣው» አለኝ።

ሲመለስ።

ይቅርታውን ለመጻፍ ወረቀቱ አልቋል። የክሩስኮቱን ኪስ ደግሜ አይቻለሁ፤ ምንም የለም።

*

ኅዳር 15

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። አራተኛ ቀኔ ነው ሥራ ላይ ስሳሳት፤ ትናንት የአንዱን በሽተኛ ካርድ ለሌላው ሰጠሁ።

ነጋዴ ፊት መሳቅህ ያን ያህል የሚያሳፍርህ ከሆነ እኔ ምን ልበል? የምታፈላልግልኝ ወረቀት የራሴ ደብዳቤ ነው። በሩን የመታ ሰሞን የጻፍኩለት። «በሰው ልጆች ላይ ትቀልዳለህ፣ ከእንግዲህ ታላቄ ነህ ብዬ አላከብርህም» የሚል አለበት። የከፋም አለበት። መልስ አልጻፈልኝም። ከዚያ በኋላ በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከመባባል አላለፍንም። ታሞ ሲተኛ «ቶሎ ይሻለዋል» አሉኝና ይቅርታዬን በአካል ስመጣ ብዬ አስቀመጥኩት። መኪናዋን ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ያ ደብዳቤ ውስጧ እንዳለ ታወቀኝ። ካገኘኸው ሳታነብ ቅደደው።

አሁን ልጠይቅህ። በመጀመሪያው ደብዳቤህ «ከዚያ ነገር በኋላ» ትላለህ እንጂ «በሩን ከመታ በኋላ» አትልም። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በአፍህም እንዲሁ ነህ፤ አልቆጠርኩም እንጂ ሰምቼሃለሁ። በምርመራ ክፍል እንዲህ የሚያወራ ሰው ሲመጣ፣ የሚደብቀው ቦታ ላይ ነው እጄን የማሳርፈው።

ምንድነው ያ ነገር?

*

ኅዳር 19

እታለም፣

ደብዳቤሽ እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ቀን ነው ያገኘሁት፤ ከሊብሬው ጋር ፕላስቲኩ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ሁለት ጊዜ የለም ብዬ ዋሽቼሻለሁ። አንብቤዋለሁም። ያስደበቀኝ ያንቺ ቃል አይደለም፤ ቃሉ ሁሉ ለእኔ የተጻፈ መሆኑ ነው።

በሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ጋሽዬ ጋደም ብሏል። ቁልፉ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዳቦ ቤቱ ጋ አንድ የክፍሌ ልጅ ቆሞ ነበር፤ መንዳት አትችልም እያለ ሲያበሽቀኝ የከረመ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

መታጠፊያው ላይ መሪውን ቶሎ መለስኩት መሰለኝ። መኪናዋ ምሰሶው ላይ ተጣብቃ ስትቆም ጋሽዬ በካልሲው እየሮጠ ሲመጣ አየሁት። በሩን አላየም። «እጅህን አሳየኝ» አለኝ። ሁለቱንም አሳየሁት። «አንገትህን አዙር።» አዞርኩ። «ውረድ» አለኝና እሱ መሪው ላይ ተቀመጠ። ያየኝ ያ ልጅ ደንግጦ ሮጧል። ሰው ሲሰበሰብ፣ አባባ መቀሳቸውን እንደያዙ ከሱቅ ሲደርሱ፣ መሪው ላይ ያገኙት እሱን ነው። «እኔ ነኝ አባባ» አለ። «ስልክ እያየሁ ነበር።»

ስልኩን ለምን እንደጨመረ አላውቅም። ማንም አልጠየቀውም። የሚታመን እንዲሆንለት ይመስለኛል። ያ ስልክ ልጆቹንም፣ አባባንም፣ አንቺንም ወሰደበት። በዚያ ሰዓት ስልኩ አልጋው ላይ ቻርጅ ላይ ነበር። እኔ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

በማግስቱ «እንነግራቸዋለን» አለኝ። «ፈተናህን ጨርስ፣ አብረን እንነግራቸዋለን።» ፈተናዬን ጨረስኩ። «እሺ እንግዲህ?» አለኝ። ውጤቱ ይምጣ አልኩት። ውጤቱ መጣ። ክረምቱ ይውጣ አልኩት። ወጥቶም ሌላ ክረምት መጣ። አንድም ጊዜ ፊቱን አላጠቆረብኝም፤ «ያንተ ነገር!» ብሎ ራሴን ይዳብሰኝ ነበር።

ሆስፒታል በተኛ በዘጠነኛው ቀን አባባ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሦስታችን ብቻ ነበርን። ጋሽዬ አየኝ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ አውቄያለሁ። «ውሃ ላምጣ» ብዬ ወጣሁ።

ውሃው አጠገቡ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። እኔ ደግሞ ይኸው ማግኔት እያነሣሁ በእሱ እስቃለሁ።

ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ጀርባውን ገልብጪ። በእርሳስ «የሞተር ዘይት፣ የእማዬ መድኃኒት፣ የማሙሽ ደብተር (ባለ መስመር)» ይላል። የገበያ ዝርዝር ጽፎበታል። የተቀየመበትን ደብዳቤ ሰው ኪሱ ከትቶ ገበያ አይሄድም፤ እኔ እንዲህ ነው የማስበው። መልስ ያልጻፈልሽ ሌላ ውሸት እንዳይጽፍልሽ ብሎ ይሆናል።

ለአባባ ንገሪልኝ። በስልክ ንገሪያቸው፤ እኔ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት እቆያለሁ። እባክሽ እታለም።

*

ታኅሣሥ 3

እታለም፣

የላክሽው ደረሰኝ። «አልነግርልህም። ራስህ ንገራቸው።» ሌላ የለበትም። እኔም ጀርባውን ገለበጥኩት፤ ባዶ ነው። ማሙሽም፣ ወንድሜም አላልሽኝም። ይገባኛል።

እማዬ በስልክ «ተሸጠች» ብቻ እንዳለችሽ ሰምቻለሁ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ። የቀረውን ልጻፍልሽ።

ሦስት ቀን በተከታታይ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስፌት ሱቁ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን አባባ መርፌ ውስጥ ክር አስገባልኝ አሉኝ፣ አስገባሁና ወጣሁ። በሁለተኛው ደንበኛ ነበር። በሦስተኛው ማንም አልነበረም፤ ማሽኑ ቆሟል፣ አባባ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «ምን ፈለግክ?» አሉኝ። «ምንም፣ ላግዝዎት ብዬ» አልኩ። የወደቀ አዝራር ለቀምኩ።

እንደዚህ ሆኜ ነው የፊርማው ቀን የደረሰው። የወራሽነቱ ወረቀት በአባባ ስም ስለሆነ እሳቸው መፈረም ነበረባቸው። እኔና አባ ፍሬን በመኪናዋ ሄድን። አባባ «እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ» አሉ። አስቢው፣ አንድ ቤት፣ አንድ መድረሻ። ግቢው በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ጨርቅ የሚያሰምሩባት የሳሙና ቁራጭ ነበረች፤ ከሱቅ በቀጥታ ነው የመጡት።

ባለ ማግኔቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ሟች» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «መንገድ ላይ ነው አልከኝ እኮ» አለ። አባባም አዩኝ። አባ ፍሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳል አልመጣላቸውም።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ቆቡን አወለቀ። «ነፍሱን ይማር አባባ፣ አላወቅኩም። ልጅዎ ግን በሩን በማግኔት ስፈትሽ ሌላውን አልደበቀኝም፤ ወንድሙ ስልክ እያየ እንደመታት በግልጽ ነግሮኛል።» በግልጽ! አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ልጄ እንዲያ ነበር።»

እንዲያ ነበር ሲሉ ሰማሁና ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም።

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ አባባ።»

«ምኑን ነህ?»

«በሩን የመታሁት እኔ ነኝ። እሱ ተኝቶ ነበር። እኔ ሰርቄ ነድቻት ነው።»

«ስልኩስ?»

«አልጋው ላይ ነበር። ቻርጅ ላይ።»

አልመቱኝም። ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ነጋዴው ዞረው «ያችን በር የፈተሽክባትን ነገር ስጠኝ እስቲ» አሉት። ማግኔቷን በሁለት ጣት ያዙ። የበሩ መሐል ላይ አስጠጉ፤ ወደቀች። ለማንሣት ጎንበስ ስል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝና ራሳቸው አነሡ፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደሚያማቸው ታውቂያለሽ። ወደ ላይ ወሰዷት፤ ወደቀች። እንደገና አነሡ። በስተመጨረሻ ጠቅ ብላ የያዘችበት ቦታ ላይ ሳሙናዋን ከኪሳቸው አውጥተው ምልክት አደረጉ። ከዚያ ወደ ጎን፤ ከዚያ ወደ ታች። ልብስ ላይ እንደሚያሰምሩት፣ እያነሡና እያስጠጉ ስቱኮውን ዙሪያውን አሰመሩት። ሲጨርሱ የሰው ጀርባ የሚያክል ነጭ መስመር በሩ ላይ ነበር።

ትንሽ ራቅ ብለው አዩት። «ይህን ሁሉ» አሉ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ጥሩ ጠጋኝ ነው ያገኘው። ስፌቱ አይታይም።»

ከዚያ ፈረሙ። ነጋዴው ዋጋውን አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ስቱኮ ማንም ይምታው ስቱኮ ነው። አባባም ጨምር አላሉትም። ቁልፉን ሲጠይቀን ግን «አንድ ነገር አለ» አሉት፤ «ቤታችን ድረስ ታደርሰኛለህ።» ሰውዬው አንድ ሠራተኛ ጠራ።

አባባ ፊት አልተቀመጡም። ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ልጆቹ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ገቡ። በሩን ሳቡት፤ አልዘጋም። ጠንከር አድርገው ሳቡት፤ ተመልሶ ተከፈተ። ዓመት ከሰባት ወር ያልተቀመጡባት መኪና ናት፤ በምን ያውቁታል?

«ከፍ አድርገው ነው አባባ» አልኳቸው። «ከፍ ያድርጉና ይሳቡት። ሲወርዱ ደግሞ ከፍ አድርገው ይገፉታል።»

ከፍ አድርገው ሳቡት። ተዘጋ።

እኔ በግራ በኩል አጠገባቸው ገባሁና ሄድን። አባ ፍሬን ከፊት ሆነው ሠራተኛውን «ፍሬን! ፍሬን!» ይሉታል። ዳቦ ቤቱ ጋ ካለው ምሰሶ ስንደርስ አባባ በመስታወቱ አዩትና ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያን ቀን ተጎድተህ ነበር?» አሉኝ። «አልተጎዳሁም» አልኩ። «እጅህን አሳየኝ» አሉ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። ያዟቸው። እስክንደርስ አልለቀቋቸውም።

እማዬ ጨርቁን ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። አባባ ከዚያች መኪና ሲወርዱ ስታይ ጨርቁን አፏ ላይ አደረገች። አባባ በሩን ከፍ አድርገው ገፉት፤ በአንዴ ተዘጋ። ከዚያ እኔን በዓይናቸው ወደ እሷ አመለከቱኝ። ሄድኩና ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ አሁን መጻፍ አልችልም። ሌላ ጊዜ አንቺው ጠይቂያት፤ ስፒከሩን አጥፍታ እንድታወራሽ ለምኛታለሁ።

መኪናዋ የሳሙናው መስመር ሳይጠፋ ሄደች። የፀጉር ማስያዣውን አውጥቼ አስቀርቻለሁ፤ ላጲሱ አብሯት ሄዷል። ደጁ ባዶ ነው። የቆመችበት ቦታ ላይ ዘይት የነጠበበት ጥቁር ክብ ብቻ አለ። አባባ ዛሬ ጠዋት ሲወጡ መንገዱን አልተሻገሩም፤ በዚያ ክብ አጠገብ አለፉ። እንግዲህ ያኔ ያልተጠቀምሽበት ሰባት ቀን ካለሽ፣ ስትወጪና ስትገቢ የሚታይሽ ነገር የለም።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ በራስሽ ጊዜ ይሁን። ማሙሽ ብትዪኝ ግን ከእንግዲህ አልቆጣም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሰላምታውን እንደተባባልን እንቁጠረው ብዬሽ ነበር። አልተባባልንም። ስለዚህ አሁን ልጠይቅሽ፤ እውነተኛውን መልስ እጠብቃለሁ፤

እታለም፣ እንደምን አለሽ?